ይቀላል፦ ስለ ዝርው ግጥም ድምፅና ድግግሞሽ

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ ከምትኖር ወጣት ጸሐፊ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «መምህር፣ ዝርው ግጥም፣ ያ በስንኝ ሳይከፈል እንደ ስድ ንባብ በአንቀጽ የሚጻፈውን ግጥም፣ እሞክራለሁ። ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ‹ቤቱ የታለ? ይህ እኮ ተራ ጽሑፍ ነው› ይሉኛል። ግጥም እንዲመስል ብዬ ቃል ስደግም ደግሞ አንድ ያረመልኝ ሰው በቀይ እየሰረዘ ‹ድግግሞሽ› ብሎ መለሰልኝ። ቤት ካልመታ ድምፁ ከየት ይመጣል? አንድ ቃልስ ስንት ጊዜ ቢመለስ ነው በዛ የሚባለው?» ከጥያቄዋ ጋር ይህቺን አንቀጽ ልካለች፦

«አያቴ ቡና ትለቅም ነበር። ጠዋት ተነስታ ጓሮ ትሄድ ነበር። ቅርጫቷን ይዛ ትሄድ ነበር። ቀይ ቀዩን ትለቅም ነበር። አሁን አያቴ የለችም። ቡናው ግን አለ። ዛሬም ይቀላል። ዛሬም ይቀላል። ዛሬም ይቀላል።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ የአያትሽን ነፍስ ፈጣሪ ያሳርፍ። አንቀጽሽን ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ አንድ ቃል አስቆመኝ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ውስጥ ከሌላው ሁሉ የሚከብድ ቃል አለ፤ ደጋግመሽዋል፣ ነገር ግን ምን እንደ ያዘ ያየሽው አልመሰለኝም። እደርስበታለሁ። መንገዱ ግን ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሽኝ።

ጓደኞችሽ «ቤቱ የታለ?» ሲሉ የሚጠይቁት ነገር አለ፤ አትናቂያቸው። አማርኛ ግጥምን ግጥም ያለው ስለሚገጥም ነው። ሐረግ ከሐረግ፣ ስንኝ ከስንኝ፣ የመጨረሻው ፊደል ከመጨረሻው ፊደል ይገጥማል። ሁላችንም ሳናውቀው ያደግንበት የወል ቤት የሚባለው ምት በእያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ቀለም (ቀለም በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ የቃል ክፍል ነው)፣ ዕረፍት፣ እንደገና ስድስት ቀለም ነው። ያንቺኑ ጉዳይ በዚያ ምት ላስገባው፦

ጓሮ ቡናው ቀላ አያቴ ታወሰች፣
ቅርጫቷ ባዶ ነው ትታው የት ደረሰች።

ይህ ተራ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ያህል የሠራሁት እንጂ ውበት አለው ብዬ አይደለም። ነገር ግን ጆሮሽ ምን እንዳደረገ ልብ በዪ። «ታወሰች» ላይ አንድ ነገር ተበደረ፤ «ደረሰች» ላይ ተከፈለው። ቤት ማለት ይህ ነው፤ የሚጠበቅ ብድር። አሁን ሁለቱን ስንኞች አንድ ላይ አያይዘሽ እንደ ስድ ንባብ በአንድ አንቀጽ ጻፊያቸው። ዓይን ስድ ንባብ ያያል፤ ጆሮ ግን አይታለልም፣ ስድስት ስድስቱን ቆጥሮ ብድሩን ይጠይቃል። ስለዚህ ዝርው ግጥም ስንኙን አፍርሶ የተዘረጋ ግጥም አይደለም። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። መስመሩን ያጠፋል፣ ቀለም ቆጠራውን ግን ሳያውቅ ይዞት ይገባል፤ ውጤቱም ቤቱን ያጣ የወል ቤት ይሆናል።

ከነፃ ግጥምም መለየት አለበት። ገብረ ክርስቶስ ደስታና ሰሎሞን ደሬሳ የአማርኛን ስንኝ ከቆጠራና ከቤት ሲፈቱ መስመሩን አልጣሉትም። የት እንደሚሰበር እነሱ ይወስናሉ፤ የመስመሩ ስብራት ራሱ ድምፅ ነው፣ ዝምታ ነው። ዝርው ግጥም ይህንንም ይተወዋል። መስመሩን የሚሰብረው የወረቀቱ ጠርዝ ነው፤ ጸሐፊው በእጁ የቀረው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

ፈረንሳዊው ገጣሚ ሻርል ቦድሌር የፈለገው ይህንን ነበር። ያለ ምትና ያለ ቤት ዜማ ያለው ስድ ንባብ እንደሚያልም ጽፏል፤ በዚህ መንገድ የጻፋቸው አጫጭር ሥራዎች ተሰብስበው የታተሙት ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣውን ገጣሚ አርቱር ራምቦን እኛ ኢትዮጵያውያን በሐረር እናውቀዋለን። በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር የገባው ቡናና ቆዳ በሚነግድ ድርጅት ተቀጥሮ ነው። ስሙን ያስጠሩት ዝርው ግጥሞቹ ፓሪስ ላይ በ1886 እ.ኤ.አ. ሲታተሙ እሱ ግጥም መጻፍ ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር፤ በዛሬዋ ጅቡቲ ባለችው ታጁራ ተቀምጦ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ የሚጭንለት ቅፍለት ይጠብቅ ነበር። የዚህ የአጻጻፍ ስልት ትልቁ ባለሙያ የቡናችንን ጆንያ ሲያስመዝን እንደ ኖረ ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ግን የፈረንሳይኛው መፍትሔ ለአማርኛ በቀጥታ አይሠራም፤ ምክንያቱን «ነበር» ይነግረናል።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ይዘጋል። ግሱ ደግሞ በጥቂት ድምፆች ያልቃል፤ ነበር፣ ነው፣ አለ፣ ሄደች፣ ይመጣል፣ ትመጣለች። ስለዚህ ማንም ሰው፣ የፖሊስ ሪፖርት የሚጽፍ እንኳ፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ሲያስከትል መጨረሻቸው መመሳሰሉ አይቀርም። ሌላው ቋንቋ በድካም የሚያገኘውን የመጨረሻ ድምፅ ለእኛ ሰዋስው በነፃ ይሰጠናል። በነፃ የመጣ ነገር ደግሞ አይሰማም። አንቺ «ነበር»ን አራት ጊዜ ስትደግሚ አንባቢሽ አዝማች የሰማ መስሎሻል። እሱ የሰማው ሰዋስው ነው። ሁለተኛው «ነበር» ላይ ጆሮው መስማት አቁሟል፤ አራተኛው ላይ ተሰላችቷል። ያረመልሽ ሰው እነዚህን ቢሰርዝ እውነት አለው። የተሳሳተው ‹ድግግሞሽ› የሚለውን ቃል የስህተት ስም ማድረጉ ላይ ነው።

ድግግሞሽ ምን እንደሆነ እኔ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሙቀጫ ነው። ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ ለቀማው አልፎ ቡናው ሲደርቅ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ይቀሸር ነበር። እናቴና አንዲት ጎረቤታችን ትልቁን ሙቀጫ መካከል አድርገው ፊት ለፊት ይቆማሉ። የአንዷ ዘነዘና ሲወርድ የሌላዋ ይነሳል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ሳላይ፣ ድምፁን ብቻ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ላይ ደረቅ ነው፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል፣ ፍሬው ከእንጨቱ ጋር ይጣላል። ቆይቶ ይሰነጠቃል፣ በድምፁ ውስጥ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ከዚያ ገለባው ሲደቅ ድምፁ ይወፍራል፣ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ይለሰልሳል። በዚያች ቅጽበት እናቴ ወደ ሙቀጫው ሳታይ «በቃ፣ ይነፋ» ትላለች። ምቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ እጆቹ ያው ናቸው፤ ዘነዘናዎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው ከሥሩ ያለው ነው፤ ምቱ ያልተለወጠውም ያ ለውጥ እንዲሰማ ነው።

እንግዲህ «ስንት ጊዜ ቢደገም በዛ ይባላል?» ለሚለው ጥያቄሽ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ቃሉ ሲመለስ ከሥሩ ያለው ነገር ተለውጦ ካገኘው አልበዛም። እንደ ነበረ ካገኘው ሁለት ጊዜም ይበዛል። በእጅ ሥራ ደረጃ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ሲመጣ አንባቢ ጸሐፊው የረሳ ይመስለዋል፣ ሦስተኛው ግን ታስቦበት መሆኑን ያረጋግጥለታል። ስለዚህ ወይ አንድ ጊዜ በዪው፣ ወይ ሦስት ድረስ ሂጂ። አራተኛው ከመጣ ግን አንድ ነገር መስበር አለበት፤ ቦታውን፣ ወይም መልኩን፣ ወይም የሚናገረውን ሰው።

ይህ ሥርዓት በጅማ ለኖረ ጆሮ እንግዳ አይደለም። መዝሙረ ዳዊት 135 ሀያ ስድስቱም ቁጥሮቹ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብለው ይዘጋሉ፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን ከሰማይ ፍጥረት ተነስቶ ግብፅን ያልፋል፣ ባሕሩን ይሻገራል፣ ምድረ በዳውን ይዘልቃል። ቁርኣን ውስጥ ሱረቱ አር-ራሕማን 78 አንቀጾች አሏት፤ ከእነዚህ 31 ጊዜ አንዱ ጥያቄ፣ የጌታችሁን የትኛውን ጸጋ ታስተባብላላችሁ የሚለው፣ ይመለሳል። ጥያቄው አንድ ነው፤ በእያንዳንዱ መመለሻ ላይ የሚጠየቅበት ጸጋ ግን ሌላ ነው። እነዚህን ቅዱሳን ቃላት ግጥም ናቸው ለማለት አላነሳኋቸውም፤ ጆሮ የሚሠለጥነው በልጅነት በሰማው ነው ለማለት ነው። የመንዙማ ሌሊት ላይ ከተገኘሽ ደግሞ መሪው እየተለዋወጠ ሲሄድ ተቀባዩ አንዱን ቃል ይዞ ሲጠብቀው ሰምተሻል። ተቀባዩ ባይቆም መሪው መሄዱ አይታወቅም።

አሁን ወደ ቋንቋው ውስጥ እንግባ፤ እኔን የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው። አማርኛ ድግግሞሽን ለጌጥ አይጠቀምበትም፤ ትርጉም ይሠራበታል። «ቡና ቡና ይሸታል» ስትዪ ቡናው የለም፣ ሽታው ብቻ ነው ያለው። «ልቅሶ ልቅሶ አለኝ» ስትዪ አላለቀስሽም፤ እንባው ጉሮሮ ላይ ደርሶ ቆሟል። አንድ ጊዜ የተጠራ ስም ነገሩን ያመጣል፤ ሁለት ጊዜ ሲጠራ ናፍቆቱን ያመጣል። አንቺም ሳታስቢው «ቀይ ቀዩን» ብለሻል፤ ቀዩ ቡና ሳይሆን እየመረጠ የሚሄደው ዓይን ይታያል። ከአንቀጽሽ ውስጥ በጣም የወደድኩት ሐረግ እሱ ነው።

ግሱም እንዲሁ ውስጡን ይደግማል። ሰበረ፣ ሰባበረ። ለቀመ፣ ለቃቀመ። «ለቀመች» ስትዪ ሴቲቱ ሥራ ላይ ናት፤ «ለቃቀመች» ስትዪ ጎንበስ ቀና ትላለች፣ ከዚህም ከዚያም የወደቀውን ታነሳለች፣ ምናልባትም ልትሄድ ነው። አንዲት ድምፅ ስለጨመርሽ አካሏ ተንቀሳቀሰ። ትንንሽ፣ ረጃጅም፣ ጥቋቁር የምንለውም ያው ነው፤ ብዛት በቁጥር ሳይሆን በድምፅ ይነገራል። ከዚያ «አለ»ን ተደግፈው የሚቆሙት ቃላት አሉ፤ ብድግ አለ፣ ጸጥ አለ፣ ብልጭ ድርግም አለ። ዝርው ግጥም የሚጽፍ ሰው እነዚህን ሀብቶች ትቶ በመጨረሻ ፊደል ላይ ቢጨነቅ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሥሩ ነው። የአማርኛ ቃል በተነባቢ ላይ ይቆማል፤ አናባቢው ይለዋወጣል። ለ፣ ቀ፣ መን ያዢ፤ ለቀመ፣ ለቀማ፣ ለቃሚ፣ ተለቀመ፣ ልቅም ያለ። አንዱን ቃል ሳትደግሚ ሥሩን ስትደግሚው አንባቢ ምን እንደ ሰማ ሳያውቅ ይሰማል። ቤት በስንኝ መጨረሻ ላይ ቆሞ በአደባባይ ይጮኻል፤ ሥር ደግሞ መሬት ውስጥ ይሄዳል። በዝርው ግጥም ቤቱ ሲቀር ድምፁ የተዛወረው ወደዚህ ነው፣ ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ሆድ።

እስኪ ያንቺን ጉዳይ በጆሮ ብቻ እንመርምር። ስለ ቡና ስትጽፊ ሳትጠሪያቸው የሚመጡ ቃላት የትኞቹ ናቸው? ለቀመ። ቀላ። ቆላ። ቅጠል። ከዚያ ሞት ሲመጣ ለቅሶ። ቀ እና ለ፣ ቀ እና ለ። ምላስ ከላንቃው ጫፍ ተነስቶ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ለቀማና ለቅሶ በሁለት ፊደል ይጋራሉ፤ በሦስተኛው ይለያያሉ። ይህን አንቺ አልፈጠርሽውም፣ እኔም አልፈጠርኩትም፤ ቋንቋው አስቀምጦልሻል። የጸሐፊ ሥራ ርዕሱ የትኞቹን ድምፆች ይዞ እንደ መጣ መስማት፣ ከዚያ ሌላውን ቃል ሁሉ ከእነሱ ጋር እንዲስማማ መምረጥ ነው።

ወደ ያስቆመኝ ቃል ደረስን። «ይቀላል።»

አንቺ የጻፍሽው «ላ»ን አላልተሽ ነው፤ ቡናው ቀይ ይሆናል። ያንኑ ቃል «ላ»ን አጥብቀሽ አንብቢው። ይቀላል፤ ሸክሙ ይቀላል፣ ሕመሙ ይቀላል፣ ቀሊል ይሆናል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ አለ ነው፣ ይኖራል፤ ወረቀት ላይ ግን አንድ ናቸው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ የጠበቀው ድምፅ በሁለት ፊደል ይታያል፤ በእኛ ፊደል አንባቢው ከዐውዱ መገመት አለበት። ብዙዎች ይህንን የፊደላችን ጉድለት ይሉታል። የቅኔ ሊቃውንት ግን ከዚሁ ስውርነት ወርቅ አውጥተውበታል፤ ኅብረ ቃል ብለው ስም ሰጥተውታል። አንቺ አያትሽ በሞተችበት፣ ሰው ሁሉ መጥቶ «ይቀላል» በሚልሽ ወቅት፣ ጓሮ ወጥተሽ የሚቀላ ቡና አይተሻል። ሁለቱ «ይቀላል» ልብሽ ውስጥ ተገናኝተዋል፤ ጽሑፍሽ ላይ ግን የመጣው አንዱ ብቻ ነው። ሦስቴ ደገምሽው፣ ሦስቱም ጊዜ ከሥሩ ያለው አልተለወጠም። ምቱ አለ፣ ፍሬው ግን አልተሰነጠቀም።

ከዚህ በታች ያለው ያንቺኑ አንቀጽ እኔ እንዴት እንደምሰማው ለማሳየት የሞከርኩት ነው። ውሰጂው አልልሽም፤ አያቷ የአንቺ ናት።

«አያቴ በጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ቅርጫቷን አንጠልጥላ፣ ከቅጠሉ ሥር ጎንበስ ብላ፣ ቀይ ቀዩን ከአረንጓዴው ለይታ ትለቅማለች። ስትለቅም ጣቷ ይቀላል። ስትቆላ፣ ጭሱ ሲያገኛት፣ ዓይኗ ይቀላል። ለቅማ ቆልታ፣ ወቅጣ አፍልታ፣ አቦሉን ለሰው ሰጥታ፣ በረካው ሲደርሳት እየሳቀች፣ ስትለቅም የኖረች አንድ ቀን ሳንሰማ ተለቀመች። ቡናውም አልሰማም። ይቀላል፣ ይሉኛል ለቅሶ ደራሾች፣ ጊዜ ሲሄድ ይቀላል። ጓሮ ወጣሁ። እውነታቸውን ነው፤ ይቀላል።»

«ነበር» አንድም ጊዜ የለም። ያለፈ ነገር በ«ትለቅማለች» ሲነገር አያቷ ሕያው ሆና ትመጣለች፤ ስለዚህ «ተለቀመች» ላይ ያለው መቆረጥ ይሰማል። ለቀማው አድራጊዋን ተደራጊ አደረጋት፣ ለዚያም የተቀየረው «ተ» ብቻ ነው። «ሞተች» የሚል ቃል አላስፈለገም።

ከፊት ያሉትን ቦዝ አንቀጾች ተመልከቺ፤ አንጠልጥላ፣ ብላ፣ ለይታ፣ ለቅማ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ሰጥታ። ሁሉም በራብዕ ያልቃሉ፤ አፍ ይከፈታል፣ ገና ይቀጥላል፣ አላለቀም ይላል። ቦዝ አንቀጽ የሚደግመው ድምፅ እንደ ማሰሪያው ግስ አይደለም። ማሰሪያው ይዘጋል፤ ቦዙ ያንጠለጥላል። ለዚህ ነው ስምንት ቦዝ አንቀጽ ተከታትሎ የማይሰለች፣ አራት «ነበር» ግን የሚሰለች። ዝርው ግጥም በአማርኛ ረጅም እስትንፋስ የሚያገኘው ከእነሱ ነው፤ እኔ እንደማምነው ፈረንሳይኛም የማያገኘው ሀብት ነው። ግን ተጠንቀቂ፤ እኔ ራሴ «ለቅማ ቆልታ፣ ወቅጣ አፍልታ» ስል ወደ ዘፈን ሊወስደኝ ነበር። በዚያው ብቀጥል ግጥሙ ወደ ሠርግ ይሄድ ነበር፤ ለዚህ ነው «በረካው ሲደርሳት እየሳቀች» ብዬ የቤቱን መንገድ የዘጋሁት። ምት ሊረጋ ሲል ማፍረስ አለብሽ። አንባቢ መጨፈር ከጀመረ አያትሽን አያያትም።

«አልሰማም» ላይም ቁሚ። አማርኛ ሲክድ ከንፈሩን ይገጥማል። አልመጣም፣ አይሆንም፣ የለም፣ የለችም። ከትእዛዝ በቀር ዋናው ግስ በአሉታ ሲነገር በ«ም» ይዘጋል፤ አፍ ራሱ እምቢ ይላል። አንቺ «አሁን አያቴ የለችም» ብለሽ ትክክለኛውን ድምፅ አግኝተሽ ነበር፤ ወዲያው «ቡናው ግን አለ» ብለሽ ከንፈሩን ስለከፈትሽው ዝምታው አልተሰማም። ከ«ም» በኋላ ቶሎ አትናገሪ። አራት ነጥብ አድርጊና ሌላ ሰው ይናገር፤ እኔ ለቅሶ ደራሾቹን ያመጣሁት ለዚህ ነው።

የመጨረሻውን ቃል አንባቢ አላልቶ ወይስ አጥብቆ ያነብበዋል? ከ«ለቅሶ ደራሾች» ቀጥሎ የመጣውን ማንም ያጠብቀዋል፤ ሐዘን ነዋ። «ጓሮ ወጣሁ» ግን ቡናውን ስለሚያመጣ ያላላዋል። ፊደሉ ሳይነካ ቃሉ ተለወጠ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ የጣቷና የዓይኗ፣ ቀድመው የመጡት ደግሞ ጆሮን ለማዘጋጀት ነው፤ የሚቀላ ነገር ሁሉ ቡና እንዳልሆነ፣ ደስታም እንዳልሆነ አንባቢው ቀድሞ እንዲያውቅ። በጠቅላላው «ይቀላል» አምስት ጊዜ መጥቷል። አራሚሽ ይህንን ቢያገኝ የትኛውን ይሰርዛል? አንዱን ብታወጪ ሌላው ይወድቃል። የድግግሞሽ መፈተኛው ይኸው ነው፤ ጣትሽን ቃሉ ላይ አድርገሽ ሸፍኚውና ያለ እሱ አንብቢ። ምንም ካልጎደለ ሰርዢው፣ በቀይ ሳይሆን በራስሽ እጅ።

ስለ ሥርዓተ ነጥብ አንድ ቃል ብቻ። መስመር የሌለው ጽሑፍ ዕረፍቱን የሚያገኘው ከነጠላ ሰረዝ፣ ከድርብ ሰረዝና ከአራት ነጥብ ነው። የእኛ ጸሐፊዎች ነጠላ ሰረዝን እንደ አቧራ ይበትኑታል። በዝርው ግጥም ግን እያንዳንዱ እስትንፋስ ነው፤ ሳትተነፍሺበት አታስቀምጪው።

ለልምምድ ይህንን አድርጊ። አንቀጽሽን በእጅ ጻፊ፤ ኮምፒውተር ላይ ቃል መገልበጥ ስለሚቀል ድግግሞሹ ዋጋ አያስከፍልሽም። በእጅ ስትጽፊው ግን አራተኛውን «ነበር» እጅሽ ራሱ ይሰለቸዋል። ቀጥሎ በስልክሽ ቅጂው፤ በዚያው ቀን አትስሚው፣ አሳድሪው። በማግስቱ ስትሰሚ ወረቀቱን አትያዢ። ጆሮሽ የዘለለውን ቃል ሁሉ አውጪው፤ ጆሮሽ የተመለሰበትን ቃል ፈልጊ፣ ሥሩን ያዢ፣ ዘመዶቹን ጥሪ። ጓደኞችሽን እንደገና ሰብስቢያቸውና ቤት የለውም ብለሽ ሳታስጠነቅቂ አንብቢላቸው። አንድ ሰው እንኳ «ቤቱ የታለ?» ማለትን ከረሳ ድምፁ ቦታውን አግኝቷል።

ከዚያ በፊት ግን ለእናትሽ አንብቢላት። የሞተችው እናቷ ከሆነች ቀኑን ምረጪ፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ይሁን። ወረቀቱን አታሳያት። የመጨረሻውን «ይቀላል» አንቺ በፈለግሽው መንገድ ሳትጫኚ፣ ለስለስ አድርገሽ በዪው። ከዚያ ቡናውን ይሁን ሐዘኑን እንደ ሰማች ጠይቂያትና ያለችሽን ጻፊልኝ።